«አልጋ የለም» ከተባለ አምቡላንሱ ወዴት ይሂድ? ለድሬና ለሐረር የሚሆን ንጽጽር

የሐረር መንገድ ዳገት ላይ፣ ደንገጎ ስንደርስ፣ የአምቡላንሳችን የኦክስጅን ጌጅ ቀዩን ነካ።

ከድሬ የወጣነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ታማሚው ሳንባ ምች የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው። (በድሬ ወግ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ አንቱ ያልኳቸው ጽሑፍ ስለሆነ ነው።) መጀመሪያ የሄድንበት ሆስፒታል ጥበቃው ገና መብራታችንን ሲያይ እጁን አወዛወዘ። «ሞልቷል፣ አልጋ የለም።» ነርሷም ወጥታ ያንኑ ደገመችልን። ሐኪም አላያቸውም። ሹፌሩ አንዴ አየኝ፣ መሪውን ወደ ሐረር መንገድ አዞረ።

የያዝነው ሲሊንደር ትንሹ ነው። ሙሉ ሲሆን 340 ሊትር ይይዛል። ሽማግሌው በደቂቃ 10 ሊትር ይፈልጋሉ። 340ን ለ10 ስታካፍሉት 34 ደቂቃ ይመጣል። ሐረር ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ያውም እስከ ደንገጎ ዳገትና ኩርባ። ይህችን ሂሳብ የሠራኋት ዳገቱ ላይ ነው። መሥራት የነበረብኝ በሩ ላይ ነበር።

ፍሰቱን ቀነስኩ። ደረታቸውን ቀና አድርጌ ደገፍኳቸው። መንገድ ላይ ከአንድ ጤና ተቋም ሲሊንደር ለምነን ቀየርን። ሽማግሌው ተረፉ። ሐረር የተቀበለችን ነርስ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሳንባቸው አልነበረም። «ማን ደወለ?» አለችኝ።

ማንም አልደወለም።

ድንገተኛ ክፍል ሲሞላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አማራጮቹ ከሚመስለን በላይ ናቸው። ሁሉም ግን ለኛ አገር፣ በተለይ ለኛ ምሥራቅ፣ እኩል አይሆኑም። ተረኛ የሆነ ሐኪምም፣ ስልክ የሚያነሳ ላይዘንም (የአልጋና የሪፈር አገናኝ ሠራተኛም)፣ በር ላይ የቆመ አስታማሚም ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። አንድ በር ላይ የምንጋጨው ሦስታችን ነንና።

በሩን መዝጋት

የመጀመሪያው አማራጭ ግልጽ ነው። ሆስፒታሉ «ሞልቻለሁ፤ ለጊዜው በአምቡላንስ ሰው አታምጡብኝ» ይላል። አምቡላንሶቹ ወደ ሌላ ይዞራሉ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር ስምም ደንብም አለው። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የተጨናነቀው ይተንፍስ፣ ባዶ የሆነው ይሥራ ነው። በተግባር የሆነው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሸክሙ ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። ጎረቤቱም ይሞላና ይዘጋል። ሁሉም ሲዘጉ ደግሞ ምርጫ ስለሌለ ሁሉም እንደተከፈቱ ይቆጠራል። ታዲያ መጀመሪያውኑ ምን ተሠራ?

እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት የካሊፎርኒያ ካውንቲዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታቸውን ሰዎች ነው የተከታተለው። የቅርባቸው ሆስፒታል በዚያ ቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለአምቡላንስ ተዘግቶ ከነበረ፣ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ጨርሶ ካልተዘጋበት ቀን ይበልጥ ነበር። ሎስ አንጀለስ ከአራቱ አንዷ ናት። ቀጣዩ ሆስፒታል ብዙም ሩቅ ያልሆነባት፣ አምቡላንሷ ውስጥ ባለሙያ የማይጠፋባት ከተማ ማለት ነው።

የማሳቹሴትስ ግዛት ደግሞ ነገሩን ከነጭራሹ ከለከለው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ሆስፒታሉ ራሱ አደጋ ካልደረሰበት በቀር ሞልቻለሁ ብሎ አምቡላንስ መመለስ አይችልም። ብዙ ሰው ድንገተኛ ክፍሎቹ ይፈነዳሉ ብሎ ፈርቶ ነበር። በቦስተን ሆስፒታሎች የተደረገው ክትትል ግን ቆይታው እንዳልተራዘመ አሳየ። ምክንያቱ የገባኝ እንዲህ ነው። በሩ ሲዘጋ ጣጣው የአምቡላንሱ ነበር። በሩ መዘጋት ካልቻለ ጣጣው ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ ዞረ። የኃላፊው የራሱ ጣጣ ሲሆን አልጋ ይገኛል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ጋ «ማዞር» የሚባለው አንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ይዟል። ሳንለያቸው ነው የምንጨቃጨቀው።

አንደኛው ከተማ ውስጥ ማዞር ነው። ሐረር ላይ ከሕይወት ፋና ወደ ጁገል ወይም ከጁገል ወደ ሕይወት ፋና ቢባል የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ድሬ ላይም ከድል ጮራ ወደ ሳቢያን፣ ወይም ወደ አንዱ የግል ሆስፒታል፣ እንዲሁ። ይህ ሲያስፈልግ ይደረጋል። ብቻ ርቀቱ አጠረ ማለት አገልግሎቱ አንድ ነው ማለት አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ዛሬ አለ? ደም አለ? ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ? ትንሽ ሆስፒታል ለትንሽ ነገር ፍጹም ነው። ሆዱ ውስጥ ደም ለሚፈስ ሰው ግን አጭሩ መንገድ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ደርሶ ተመልሶ ይመጣልና።

ክረምት ሲሆን ድሬ ላይ ደግሞ ደቻቱ አለ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲመጣ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደመጣው ይመጣል። ያኔ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ደራሽ ባለበት ሌሊት «ማዶ ውሰዱት» ከማለት በፊት ማዶ መድረስ ይቻል እንደሆነ ሹፌሩን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ደንገጎን ማሻገር ነው። ይህን እኔ ማዞር አልለውም፤ ጉዞ ነው። ሐረር መንገድ ላይ አወዳይ አለ፣ የጫት አይሱዙ አለ፣ ጭጋግ አለ። ለዚህ ጉዞ በር ላይ በተወዛወዘ እጅ ሰው አይላክም።

በዚያ ላይ በሩን መዝጋት እኛ ጋ የማይሠራበት ሌላ ምክንያት አለ። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ድንገተኛ ክፍላችንን የሚሞላው አምቡላንስ አይደለም። ባጃጅ ነው። ታክሲ ነው። የሰው ትከሻ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬን ቺኩንጉንያ ሲመታት አስታውሱ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የታመመው። ወገቡን ይዞ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ በእግሩ እያነከሰ ነው የመጣው። ያኔ ለአምቡላንስ ቢዘጋ ማንን ያስቀር ነበር? የምጧን እናትና የመኪና አደጋውን። ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ትንሹን በር መዝጋት ማለት ነው። በትንሹ በር የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የባሰው ታማሚ ነው።

ሁሉንም መቀበል

ተቃራኒው ይህ ነው። የመጣ ይግባ። ልቤ ወደዚህ ያደላል። ግን ችግሩን ሳልናገር ባልፍ የድንገተኛ ክፍል ባልደረቦቼ አይለቁኝም።

ችግሩ ስትሬቸር ነው። አዎ፣ ስትሬቸር። ታማሚው ይገባል፣ የሚወርድበት አልጋ የለም፣ በአምቡላንሱ ስትሬቸር ላይ ኮሪደር ውስጥ ይተኛል። አምቡላንሱ ያለ ስትሬቸሩ መሄድ አይችልም። ሹፌሩ ግቢ ውስጥ መቀመጫውን ዘርግቶ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ከአንድ ወረዳ ስልክ ይደወላል፤ ሴትዮዋ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። የወረዳው አምቡላንስ የት ነው? ግቢ ውስጥ ስትሬቸር እየጠበቀ።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። እንግሊዝ አገር አምቡላንስ በ15 ደቂቃ ውስጥ ታማሚውን አስረክቦ እንዲወጣ ደንብ አላቸው፤ ደንቡ ግን ሲጣስ ነው የሚከርመው። የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ45 ደቂቃ በላይ አልጠብቅም እስከማለት ደርሷል።

እኛ ጋ መፍትሔው ርካሽ ነው። ድንገተኛ ክፍሉ ሁለት ሦስት ትርፍ ስትሬቸር በር አካባቢ ያስቀምጥ። አምቡላንሱ ሙሉውን አስረክቦ ባዶውን ይዞ ይውጣ። የጋዝ ሲሊንደር ስንቀይር የምናደርገው ነው። የእኔን ትመልሱልኛላችሁ ወይ የሚለው ጭቅጭቅ በአንድ መዝገብ ያልቃል።

መለየት

ሦስተኛው ታማሚውን እንደ ሕመሙ ክብደት በቀለም መለየት፣ ማለትም ትሪያጅ ነው። ትሪያጅ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ቀዩ አሁኑኑ ይታያል። ብርቱካናማው በ10 ደቂቃ፣ ቢጫው በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴው በአራት ሰዓት ውስጥ። ሲሞላ አረንጓዴውን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፣ ቀዩን ማስቀረት።

ለጉንፋኑ፣ ለቁስል መቀየሪያው፣ ለካርድ ማሳደሻው በጣም ጥሩ ነው። ጤና ጣቢያ ለዚሁ ነው የተሠራው። አንድ ነገር ግን አትጠብቁበት፤ አልጋ አያስለቅቅም። አረንጓዴው ታማሚ አልጋ አልያዘም። አግዳሚ ወንበር ነው የያዘው። ጫጫታው ይቀንሳል፣ ነርሶቹ ይተነፍሳሉ፣ ቀዩ ሲመጣ ግን የሚተኛበት አሁንም የለም።

እና አልጋውን የያዘው ማን ነው?

ከውስጥ ማስለቀቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ የሞላ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግቡና አልጋ በአልጋ ጠይቁ። የመጀመሪያው ትናንት ማታ ወደ ቀዶ ሕክምና ዋርድ ይግባ ተብሎ ተጽፎለታል፤ ላይ አልጋ የለም ተብሎ እዚህ አድሯል። ሁለተኛው እንዲሁ፤ ሁለት ቀኑ ነው። ሦስተኛዋ የላብራቶሪ ውጤት ትጠብቃለች፤ የመመርመሪያው ኬሚካል ስላለቀ ናሙናው ውጭ ተልኳል። አራተኛው ድኗል፤ ቤተሰቡ ከገጠር መጥቶ እስኪወስደው ይጠብቃል። አምስተኛው ብቻ ነው በእርግጥ የድንገተኛ ታማሚ። ድንገተኛ ክፍሉ አልሞላም። የተደፈነው ከላይ ነው፤ ውሃው የቆመው ታች ነው።

ስለዚህ ዋርዱ ላይ ውጡ። እዚያ ደግሞ ዛሬ የሚወጡ ሰዎች አሉ። የሐኪሞቹ የጠዋት ዙር (ራውንድ) ግን ገና አልተደረገም። ተደርጎም ወረቀቱ አልተፈረመም። ተፈርሞም ሒሳብ ክፍል ወረፋ ነው። ሰባት ሰዓት ሆነ። ከዚያ በኋላ ድሬ ላይ በሙቀቱም በበርጫውም ሰዓት የሚፈርም ሰው ፈልጎ ማግኘት ምን እንደሚመስል፣ አቦ፣ ለድሬ ልጅ አይነገርም። ጠዋት 3 ሰዓት ሊለቀቅ የሚችል አልጋ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። አምቡላንሱ ግን የተመለሰው በመሀል ነው።

ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ስቶኒ ብሩክ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ አንድ ቀላል ዘዴ አመጣ። ድንገተኛ ክፍል ሲሞላ፣ «ይተኛ» የተባሉትን ታማሚዎች ታች ኮሪደር ላይ ከማከማቸት ለየዋርዱ አንድ ሁለት እያካፈሉ ላይ ኮሪደር ማስተኛት። ታች ሃያ ሰው በአንድ ኮሪደር ከሚተኛ፣ ላይ በየዋርዱ አንድ ሰው ይተኛ። የዋርድ ነርስ መጀመሪያ ትቆጣለች፤ እኔም ብሆን እቆጣለሁ። የሚገርመው ታማሚው ዋርዱ ኮሪደር ላይ ሲታይ አልጋ ቶሎ ይገኝለታል። ዓይን ያየው ነገር ይሠራል።

በኛ ሆስፒታሎች ይህን ለመጀመር ማሽን አይፈልግም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ዛሬ ማን ይወጣል?» ብሎ የሚዞር አንድ ላይዘን፣ የሚወጡትን ቀድሞ የሚያይ ራውንድ፣ ወረቀት እስኪያልቅ ሰው የሚቀመጥባቸው ጥቂት ወንበሮች። ወንበር! የዳነ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ደረሰኝ ለምን ይጠብቃል?

አረጋግቶ መላክ

አራቱን አወዳድሬ የምመርጠው አምስተኛውን ነው። በሩ አይዘጋም። ታማሚው ይገባል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ሊገድለው ያለው ነገር ይያዛል። ከዚያ ቦታው ወይ ባለሙያው ከሌለ፣ ተደውሎ፣ ተቀባይ ተገኝቶ፣ ከባለሙያ ጋር ይላካል። ይህ ማዞር ሳይሆን ሪፈር ነው። ልዩነቱ የወረቀት አይደለም።

ስለ እናቶች ሞት የሠሩ ሰዎች ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት ሦስቱ መዘግየቶች የሚሉትን አምጥተዋል። ለመሄድ መወሰን መዘግየት፣ መድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ መታከም መዘግየት። አምቡላንስ ከበር ሲመለስ ሦስተኛው መዘግየት ተመልሶ ሁለተኛው ይሆናል። ደርሳ የነበረች ሴት ያልደረሰች ትሆናለች።

ከመላክ በፊት በር ላይ የሚሠራው ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የአየር መንገዱ ክፍት ነው? የሚፈሰው ደም ቆሟል? የደም ሥር ተከፍቷል? ስኳር ተለክቷል? (ራሱን የሳተውን ሁሉ ስትሮክ ነው ብለን ስንሮጥ ስኳሩ ወርዶ የተገኘ ስንት አለ!) ኦክስጅኑ ለመንገዱ ይበቃል? ሂሳቡ ያው ነው፤ በሲሊንደሩ ያለውን ሊትር በደቂቃ ለሚወስደው አካፍሉ፣ ከመንገዱ ጊዜ ጋር አስተያዩ፣ ለጎማና ለአይሱዙ ትርፍ ያዙ። 340 ሊትሩን በደቂቃ 5 ብንጠቀም እንኳ 68 ደቂቃ ነው። ለሐረር መንገድ ይህ አፍንጫ ላይ ነው። ሁለተኛ ሲሊንደር ይጫን።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሰዓት ይጻፍ። የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ የተሰጠበት ሰዓት። በእርግዝና ግፊት ለሚያንቀጠቅጣት እናት ማግኒዥየም ተሰጥቶ ካልተጻፈ፣ ተቀባዩ ወይ ይደግምባታል ወይ ይፈራና ይተዋል። ደም ለማቆም እጅ ወይ እግር ታስሮ ከሆነ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፤ ወረቀት ከሌለ ግንባሩ ላይ በማርከር። እና ሁለት ስም፤ የላከውና እሺ ያለው። «ሐረር ደውለናል» ስም አይደለም።

ጉድለቱን ልናገር። ባለሙያ ይወስዳል። ማታ ድንገተኛ ክፍል ሁለት ነርስ ካለ አንዷ ደንገጎን ስትሻገር ሌላዋ ብቻዋን ነች። ይህን ጉድለት እያወቅኩም ነው የምመርጠው። በሌላው መንገድ የሚጎድለው ሰውየው ነውና።

ለየትኛው ታማሚ የቱ?

በደፈናው መልስ የለም። አንዳንዱን ግን ልበል።

ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት። አትዙር። ከወሊድ በኋላ ያለ መድማት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ የድሬ–ሐረር መንገድ፣ መጫን ማውረዱ ሲጨመርበት፣ ያን ይበላዋል። ማንኛውም የወሊድ አገልግሎት ያለው ተቋም ማሕፀኗ እንዲኮማተር ማድረግና ፈሳሽ መስጠት ይችላል። እዚያው ተጀምሮ፣ ደምና ቀዶ ሐኪም ያለበት ተደውሎ፣ ከዚያ ትሂድ።

ከደወሌ መንገድ የመጣ የመኪና አደጋ፣ ጭንቅላት የተመታ። ይህ ርቆ መሄዱ ሊጠቅመው ይችላል፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሌለበት አልጋ ቢያገኝ ምን ያደርግለታል? ግን አንገቱ ሳይታሰር፣ ሆዱ ሳይታይ አይሂድ። ጭንቅላቱን አይተን የሆድ ደም ያመለጠን ሰው ጥቂት አይደለም።

አንድ ጎኑ የደከመ፣ አፉ የጎበጠ። እዚህ ጥያቄው አልጋ አይደለም፤ ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን ያለው ሳይሆን ዛሬ ማታ የሚሠራ ሲቲ ስካን ያለው። በስልክ ይጠየቃል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት አገር ጊዜው ሕመሙ ከጀመረ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ መድኃኒቱ ባይኖር እንኳ ደም ፈሶ ነው ወይስ ሥሩ ተዘግቶ የሚለውን ሳያውቁ ማከም በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን። ቅርቡ ጤና ጣቢያ። በቃ። ትልቅ ሆስፒታል ፍለጋ ሲዞር የሚሞት ሕፃን አንድ ከረጢት ፈሳሽ ነው ያጣው።

በር ላይ ለቆመ አስታማሚ

አትጣሉ። ጥበቃውም ነርሷም አልጋውን አልደበቁትም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ «ሐኪም ይየው፣ ከዚያ ሪፈር ይጻፍልን።» ይህ ውለታ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ ሕይወቱ ላደጋ የተጋለጠን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም የሚል ባለሙያን ይቀጣል። ሕጉን ጠቅሳችሁ ግን አትጀምሩ፤ እሱ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ድሬ ላይ «አንተ ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ እየው» የሚለው ከአንቀጽ ይበልጥ ይሠራል።

ሪፈር ከተባለ ሦስት ነገር አረጋግጡ። የት? ማን ተቀበለ? አምቡላንሱ ውስጥ ከኛ ጋር ማን ባለሙያ ይሄዳል? ሦስተኛው መልስ «እናንተ» ከሆነ ቆም በሉ።

የግል ሆስፒታል አማራጭ ነው፤ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ደንገጎን ያድናችኋል። ከመግባት በፊት ግን የማስያዣውን ነገር በስልክ ጠይቁ። ግማሽ መንገድ ታክመው ብር አልቆ ወደ መንግሥት ሆስፒታል መመለስ ሁለት ጊዜ መዞር ነው።

ባጃጅስ? ከተማ ውስጥ ከሆነና ሰውየው መቀመጥ ከቻለ፣ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ሩቅ ከሆነ፣ ባጃጅ ነውር አይደለም። ከከፍታ ለወደቀ፣ ለተገጨ፣ አንገቱንና ወገቡን ለሚያመው ግን ባጃጅ አይሆንም። የከዚራን ድንጋይ ንጣፍ በባጃጅ የሄደ ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ያ ሌሊት አብሮኝ የነበረው ሹፌር አሁንም ይሠራል። በቀደም ሻይ ቤት አገኘሁትና ስልኩን አሳየኝ። «ሐረር ማታ»፣ «ሐረር ቀን»፣ «ሳቢያን ትሪያጅ»፣ «ደም ባንክ» እያለ መዝግቧል። አንዱ ቁጥር «አትነሳም» ተብሎ ነው የተያዘው። ይህችስ ምንድን ናት አልኩት።

«ተረኛዋ ናት። አራተኛው ጥሪ ላይ ታነሳለች፤ መንዳት የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ።